ጭሳችን የማን ማሳ ላይ አረፈ?



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ረሕማን 6ኛው አንቀጽ ላይ «ነጅም» እና ዛፍ ለርሱ እንደሚሰግዱ ይነግረናል። «ነጅም» ኮከብ ነው ያሉ ዑለማዎች አሉ። ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የተዘገበው ግን ግንድ የሌለው፣ መሬት ላይ የሚበቅል ተክል ነው የሚል ነው። በዚህ ትርጓሜ የምንረግጠው ሣር እንኳ ሰጋጅ ነው ማለት ነው። ሱብሓነላህ! ወዲያው ቀጥሎም አላህ ሚዛንን እንዳኖረና ወሰኑን እንዳናልፍ ያሳስበናል።

ታዲያ ይህን ሰጋጅ ምን እያነቀው ነው?

ቅጠል የሚተነፍሰው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጣው ጭስ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ኦዞን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። ኦዞን ከላይ ሰማይ ላይ ሲሆን ከጎጂ ጨረር ይከልለናል፤ መሬት አጠገብ ሲሆን ግን መርዝ ነው። በቀዳዳዎቹ ገብቶ የቅጠሉን ሕዋሳት ይጎዳል፤ ተክሉ ምግቡን ማዘጋጀት ያቅተዋል፤ ምርቱ ይቀንሳል። ስንዴና አኩሪ አተር በተለይ ይጎዳሉ። ነፋስ ደግሞ ጋዙን ከከተማ ወደ ገጠር ይወስደዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የሰው ገንዘብ የወሰደ ሰው ባለቤቱን ፈልጎ ይመልሳል፣ «አፉ በለኝ» ይላል። ጭሳችን ማሳው ላይ ያረፈበትን ገበሬ ግን አናውቀውም፤ እሱም አያውቀንም። ምርቱ ሲያንስበት ዝናቡን ያማርር ይሆናል። አላህ ግን ያውቃል። የሰው ሐቅ ስላልታየ ብቻ አይቀልም።

ተስፋ ግን አንቁረጥ። በካናዳ ሰድበሪ በምትባል ከተማ፣ ኒኬልና መዳብ ሲቀልጥ የሚወጣው የድኝ ጭስ ለብዙ ዓመታት ደኑን አጠፋው። አፈሩ አሲድ ሆነ፤ ኮረብታው ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ቀረ። በ1972 እ.ኤ.አ. 381 ሜትር የሚረዝም የጭስ ማውጫ ተሠራ። የከተማዋ አየር ተሻለ፤ ጭሱ ግን ርቆ ተጓዘ። ችግርን ወደ ጎረቤት መግፋት ተውበት አይደለም! በኋላ ግን ጭሱ ራሱ ተቀነሰ፤ ከ1978 ጀምሮም ተማሪዎች ሳይቀሩ ኮረብታው ላይ ኖራ በተኑ፣ ሣር ዘሩ። እስካሁን ከ10 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተክሏል። ደኑም ተመለሰ።

ዑለማዎቻችን ስለ ተውበት የሚያስተምሩንም ይህንኑ ነው፦ ጥፋቱን ማቆም፣ መጸጸት፣ ላይመለሱ መወሰን፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ መመለስ።

ስለዚህ ከዛሬ እንጀምር። ላስቲክና ፕላስቲክ ከቆሻሻ ጋር አናቃጥል። መስጂድ በር ላይ ሰው ስንጠብቅ ሞተር እናጥፋ። አንድ ችግኝ ተክለን እስኪጸድቅ እንንከባከብ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረውናል።

አላህ ምድርን ከሚያበላሹት ሳይሆን ከሚያስተካክሉት ያድርገን። አሚን። ዛሬ ጁሙዓ ነውና ሰለዋት እናብዛ!