የድረሱልኝ ምልክት አመራረጥ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ለእያንዳንዱ ምርጫ የተሰጠውን ምክንያት አስተውሉ።

በባሕር ላይ አደጋ የደረሰበት ሰው ጩኸቱ ከማዕበል ድምፅ አያልፍም። ስለዚህ በአነስተኛ ባለ ሸራ ጀልባ የሚጓዝ ሁሉ፣ ከወደብ ሳይነሣ በምን እንደሚጣራ መወሰን ይገባዋል። መሣሪያውን ከመግዛቱ በፊት፣ «የሚረዳኝ ሰው የሚገኘው በምን ያህል ርቀት ላይ ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ረዳቱ በዐይን ሊያየው የሚችል ከሆነ ብርሃንና ጢስ ይጠቅማሉ። በእጅ የሚያዝ ቀይ የምልክት ርችት ለ1 ደቂቃ ያህል ይነድዳል። ባለ ጃንጥላ ሮኬት 300 ሜትር ያህል ወጥቶ ለ40 ሰከንድ ስለሚበራ ከሩቅ ይታያል። ብርቱካናማ ጢስ ግን ለቀን ብቻ ነው፤ በጨለማ አይታይምና። በላያቸው የተጻፈው የአገልግሎት ጊዜ ካለፈ ርችቶቹ አይታመኑም።

ረዳቱ ከዐይን ከራቀ ቪኤችኤፍ የተባለው የባሕር ሬዲዮ ያስፈልጋል። በመስመር ቁጥር 16 «ሜይዴይ» የሚለውን ቃል 3 ጊዜ ደጋግሞ የተጣራ ሰው፣ ሰሚ ካገኘ ችግሩን በቃል ያስረዳል። ሆኖም የዚህ ሬዲዮ ሞገድ ከአድማስ እምብዛም አያልፍም። ስለሆነም ከዳር ርቆ የሚሄድ ሰው፣ በ406 ሜጋኸርትዝ ለሳተላይት ምልክት የሚልክ የአደጋ ጠቋሚ መያዝ አለበት።

እንግሊዛዊው ቶኒ ቡሊሞር በጥር ወር 1997 እ.ኤ.አ. በደቡባዊው ውቅያኖስ ጀልባው ተገለበጠበት። ፈላጊዎቹን ወደ ስፍራው የመራቸው ከጀልባው የተላለፈው የሬዲዮ ምልክት ነበር። ይሁን እንጂ ምልክቱ ቦታውን እንጂ የሰውየውን በሕይወት መኖር አልነገራቸውም። ከ4 ቀን በኋላ የአውስትራሊያ ባሕር ኃይል መርከበኞች ደርሰው ጀልባውን ሲደበድቡ ሰምቶ፣ ከሥሩ ዋኝቶ ወጣ።

እንግዲህ የሩቁ መሣሪያ ረዳትን ይጠራል፤ የቅርቡ ደግሞ ለደረሰው ረዳት ያሳያል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ማስታወሻ፦ «ስለሚበራ» እና «አይታይምና» ምክንያትን፣ «ከራቀ» እና «ካለፈ» ሁኔታን ያመለክታሉ።

መልመጃ
1. ከምንባቡ ምክንያትን የሚገልጹ ሌሎች 2 ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ።
2. «ጢሱ በጨለማ አይታይምና ለቀን ብቻ ይጠቅማል» የሚለውን «ስለ» በሚለው መስተዋድድ መልሳችሁ ጻፉ።
3. አንድ ዓሣ አጥማጅ ከዳር ሳይርቅ በሌሊት ይሠራል፤ ገንዘቡ ለ2 መሣሪያዎች ብቻ ይበቃል። የትኞቹን ትመርጡለታላችሁ? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።