ኦቨርሎክ ስፌት ሲዘል

 መምህርታችን የምታውቁትን ሥራ ጻፉ፣ ዕብራይስጡንም ጨምሩበት ስላለችን እኔ የማውቀው ስፌት ነውና ስለ እሱ ጻፍኩ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ፊደል ብሳሳት ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጎንደር ሃያ ዓመት በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ሰፍቻለሁ። እዚህ ቤርሳቤህ ስንገባ ያገለገለ የቤት ኦቨርሎክ ገዛሁ። በዕብራይስጥም ኦቨርሎክ ነው የሚባለው፤ እሱን እንኳ ሳልማር አወቅሁት። ለሲግድ ጎረቤታችን እማማ የሚለጠጥ ጨርቅ አምጥተው ቀሚስ ሰፋሁላቸው። መኪናው ሁለት ይይዛል፣ አንድ ይዘላል። በዓሉ ስለደረሰ ዝም ብዬ ሰጠኋቸው። ኢየሩሳሌም አርሞን ሀናጺቭ ላይ፣ በሕዝብ መሐል ጎኑ ተተረተረ። በነጠላቸው ሸፍነው ዋሉ፤ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናው ተበላሽቷል ብዬ ቴኽናይ ጋ፣ ማለት ጠጋኝ ጋ ልወስደው ነበር። ለካስ ጥፋቱ የመርፌውና የእጄ ነው። መርፌው ወርዶ መነሳት ሲጀምር ክሩ ከበስተኋላው ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ሉፐር የሚሉት መንጠቆ በዚያች ቀለበት ውስጥ ይገባል። መርፌው የጸጉር ያህል ከጎበጠ መንጠቆው ቀለበቷን ይስታል፤ መዝለል ማለት ይኸው ነው። የጎንደሩ ሲንጀሬ ጥርሱ ያለቀ ስለነበር ጨርቁን ከኋላ መጎተት ለምጃለሁ። እዚህም ስጎትት መርፌውን ያጎበጥኩት እኔው ነኝ። ጠማማ መርፌ ማኻት ዓኩማ ይባላል።

እናንተም ሲዘልባችሁ መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ንቀሉት። መርፌውን አውጥታችሁ ጠፍጣፋ ጎኑን መስታወት ላይ አስተኙት፤ በመካከል ያለው ክፍተት እስከ ጫፉ እኩል ካልሆነ ጣሉት። አዲሱን ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ኋላ አዙራችሁ፣ እስከ መጨረሻ ወደ ላይ ገፍታችሁ ብሎኑን አጥብቁ።

የመርፌው ማሸጊያ ላይ ያለውን መምህርታችን አነበበችልኝ። 90 ማለት ውፍረቱ 0.90 ሚሊ ሜትር ነው፣ 75 ደግሞ 0.75። 130/705 ኤች የተባለው የቤት መኪና መርፌ ነው፤ ኤስ ከተጨመረበት ለሚለጠጥ ጨርቅ ነው። እኔ የእማማን ጨርቅ በተራ መርፌ ነበር የሰፋሁት! ሁሉም ኦቨርሎክ ይህን ዓይነት አይወስድምና የመኪናችሁን መጽሐፍ አስነብቡ።

ክር፣ በዕብራይስጥ ኹት፣ ስታስገቡ እግሩን አንሱ፤ አለዚያ ክሩ ማጥበቂያው ውስጥ በደንብ አይገባም። መጀመሪያ የላይኛውን መንጠቆ፣ ቀጥሎ የታችኛውን፣ መርፌውን መጨረሻ። ብናኙንም በብሩሽ ጥረጉ፤ የኔጌቭን አቧራ ታውቁታላችሁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከዘለለ የመንጠቆውና የመርፌው ጊዜ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የቴኽናይ ሥራ ነው፣ አትነካኩት።

የእማማን ቀሚስ ጎኑን ፈትቼ በ75 መርፌ፣ ጨርቁን ሳልጎትት እንደገና ሰፋሁት። በሁለት እጄ ለጥጬ አየሁት፤ አንድም አልዘለለም። ገንዘብ አልተቀበልኳቸውም፤ እሳቸው ግን ዳቦ ጋግረው ላኩልኝ።