ምስር ነው እኮ!



ስለ ጎረቤት ሐቅ ብዙ ኹጥባ ሰምተናል። እኔም ሰውን ከመምከር ቦዝኜ አላውቅም። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ግን ልጄ በአንድ ጥያቄ አፌን አስያዘችኝ።

የምንኖረው በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ለኢፍጣር የምስር ሳምቡሳ ስትጠብስ ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ፊት ለፊታችን አንዲት ክርስቲያን እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጄ «ለእማማስ አንወስድላቸውም?» አለችኝ። «እሳቸው የእኛን አይበሉም» አልኳት። «ምስር ነው እኮ!» ብላ አፈጠጠችብኝ።

እውነቷን ነው። ያን ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገብቶ፣ ረመዳን የካቲት 22 ነበር የተከተለው። በዘይት የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ ሥጋም ቅቤም የለበትም፤ ለእሳቸው የጾም ምግብ ነው። እንግዲያው የከለከለኝ ሃይማኖት ሳይሆን የራሴ ስንፍና ነበር።

ያደግሁት ከእንጦጦ ሥር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ፣ አራት ቤተሰብ በሚኖርበት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ የምታበስለው ሴቶች ከጋራው ተሸክመው በሚያወርዱት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነበር። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ በአገራችን የታወቀ ነው። ቢሆንም በግቢያችን ሰሐን መመላለሱን አላቋረጠም። ከእኛ ሳምቡሳ ሲሄድ ከእነሱ ድፎ ዳቦና ቆሎ ይመጣል። ሠርግ ሲኖራቸው ሙስሊም አራጅ ጠርተው፣ ድስቱንም ዕቃውንም ለይተው ለእኛ ያሠሩ ነበር። ድንበሩም ተጠብቆ ጉርብትናውም ጸንቶ ኖረ።

ኢስላም ይህን ጉዳይ ለስሜታችን አልተወውም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 36ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ለቅርቡም ለሩቁም ጎረቤት በጎ እንድንውል አዞናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን መረቅ ሲሠሩ ውሃውን አብዝተው ለጎረቤት እንዲያካፍሉ መምከራቸውን ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ልብ እንበል! እንዲጨመር የታዘዘው ሥጋ ሳይሆን ውሃ ነው። ስለዚህ «ኑሮ ተወደደ» ማለት ምክንያት አይሆነንም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ለየትኛው ስጦታ እንደሚልኩ ሲጠይቁ፣ በሩ ለሚቀርበው እንዲሆን መነገራቸው በቡኻሪ ይገኛል። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የቅርቡ በር ሁለት እርምጃ ብቻ ነው!

ጎረቤት ሙስሊም ካልሆነስ? ሶሓባው ዐብዱላህ ኢብን ዐምር በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ቀድመው የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተሰጥቶት እንደሆነ ነበር። ይህን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

ያን ምሽት ከልጄ ጋር በሩን አንኳኳን። እማማ ሰሐኑን አይተው «ቅቤ የለውም አይደል?» አሉ። «የለውም» አልናቸው። መርቀውን ተቀበሉ። በሦስተኛው ቀን ሰሐኑ ቆሎ ሞልቶ ተመለሰ። በአንድ ኮሪደር ሦስት ዓመት ስንኖር ስማቸውን የጠየቅሁት ያን ዕለት መሆኑን ስነግራችሁ እያፈርኩ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ የሚበሉትንና የሚጾሙትን አስቀድመን እንጠይቅ፤ ከዚያም ካለን ላይ እናካፍል። ትንሽ ነው ብለን አንተወው፤ ትንሽ ሲላክልንም አንናቅ። የማይበሉት ምግብ ካለ የሚበሉት አይጠፋም።

አላህ የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።