አኩፋዳና ዱላ፤ የቆሎ ተማሪ መንገድ ከምዕራብ ጎጃም እስከ ቤተ ልሔም

በየሠፈራችን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በር የሚመታውን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደበሎ ለብሷል፤ አኩፋዳ አንግቷል፤ በእጁ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዟል። ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀነው አናውቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው። ትምህርቱን መምህራኖቻችን በሰፊው አስተምረውናል፤ መንገዱ ግን ተረስቷል።

የአብነት ትምህርት አንድ ቦታ ተቀምጦ አይፈጸምም። ንባቡንና ዳዊቱን በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የጨረሰ ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው ሙያ በአገሩ ሁሉ ተበትኖ ነው የሚጠብቀው። ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ወሎው ዋድላ ይሄዳል። ለእኛ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ልጆች ደብረ ኤልያስም ቅርብ ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ጋይንት ውስጥ ወዳለችው ቤተ ልሔም ይወጣል። ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ በጎንደር ይገኛል። ቅዳሴን ጠንቅቆ ማወቅ የሚፈልግ ትግራይ ድረስ፣ ደብረ ዓባይ ይዘልቃል። እንግዲህ አንድ ሰው እነዚህን ሁሉ ሲያዳርስ ዕድሜው የሚያልቀው በጉባኤ ብቻ አይደለም፤ በመንገድም ነው።

«ድጓ የሚያውቅ መምህር በአቅራቢያው ካለ ለምን ያን ያህል ይደክማል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው መልስ የታወቀ ነው፤ ማስመስከሪያው ቦታ ሄዶ ያልተመሰከረለት ሰው በሊቃውንት ፊት ቃሉ አይጸናም። ሁለተኛው መልስ ግን ከቤት የሚነሣ ነው፤ በእኛ አስተያየት ክብደቱም ከፊተኛው አያንስም። በቤቱ አጠገብ የሚማር ልጅ ተማሪ ሆኖ አያድርም። አዝመራ ሲደርስ አባቱ ይጠራዋል፤ ከብት ሲጠፋ ይላካል፤ ሠርግ ሲሆን ይታደማል። አገር የለቀቀ ልጅ ግን የማንም ልጅ አይደለም፤ የየኔታ ልጅ ነው። ብዙዎቹ ለወላጆቻቸው ሳይናገሩ ሌሊት ተነሥተው የሚጠፉት ስለዚህ ነው። እናቶች ያለቅሳሉ፤ ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይገባም።

አሁን መንገዱን በካርታ እንከተለው። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቤተ ልሔም የሚሄድ እግረኛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዞ በደጋ ዳሞት በኩል ፈረስ ቤትን ያልፋል። ከዚያም ድጎ ጽዮንን አድርጎ የጮቄን ተራራ ጎን እየታከከ ወደ ሞጣ ይወርዳል። ጮቄ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ የብዙ ወንዞቻችን ምንጭ እርሱ ነው። ሌሊት በዚያ ደጋ ማደር ምን እንደሚመስል ብርዱን የቀመሰው ያውቃል። ከሞጣ ወዲያ ደግሞ አገሩ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይገባል፤ ከዓባይ ማዶ እንደገና ዳገት ነው፤ በእስቴ በኩል አልፎ ጋይንት ይደርሳል። ውርጭና ሐሩር በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈራረቁበታል፤ ልብሱ ግን ያው አንዱ ደበሎ ነው።

ጊዜውም ራሱ ፈተና አለበት። በክረምት ወንዝ አያሻግርም፤ ስለዚህ ብዙ ተማሪ የሚነሣው ከመስቀል በኋላ ጭቃው ሲጠነክር ነው። መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ግን በቆላው ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። ወንዙ ሲጎድል ትንኙ ይመጣል ማለት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሆነው በአንዲት ጎጆ ስለሚያድሩ ተስቦና እከክ ከተማሪ አይለዩም ነበር። በበረሃው ጥግ መቃብራቸው የማይታወቅ ስንት ደቀ መዛሙርት እንዳሉ እግዚአብሔር ይወቀው።

ከሞጣ በታች ያለው የዓባይ መሻገሪያ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። በዚያ ወንዙ በድንጋይ ገደል መካከል ጠቦ ያልፋል። በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ ይኸውም በ17ኛው ምዕተ ዓመት፣ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኝ የድንጋይና የኖራ ድልድይ ተሠራበት። በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት ብለው መካከሉን አፈረሱት፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ «ሰባራ ድልድይ» ሆነ። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ መንገደኛው በገመድ ነበር የሚሻገረው። በወገቡ ገመድ ይታሰራል፤ በወዲህና በወዲያ የቆሙ ጎበዞች እየጎተቱ በገደሉ ላይ ያሳልፉታል። ነጋዴው ጨውና እህሉን፣ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ እንዲህ አለፈ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 የተሰበረው ቦታ ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ በ2009 ከፍ ብሎ በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ለአገር መከላከያ የፈረሰ ድልድይ የደሃውን እግር ለስንት ዘመን እንዳስጨነቀ ስናስብ፣ አርበኞቹን ሳንወቅስ፣ የጦርነት ዋጋ በማን ላይ እንደሚያርፍ እናያለን።

ተማሪው ስንቁ ምንድን ነው? ጥቂት በሶ፣ ጥቂት ቆሎ፣ በቅል ውኃ። ይህ ከሁለት ቀን አያልፍም፤ የቀረውን የሚመግበው የመንደሩ ሕዝብ ነው። ሲመሽበት ከአንድ ቤት ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቲቱ ራሷ ለልጆቿ የሚበቃ እንጀራ ላይኖራት ይችላል፤ ሆኖም ከማዕዷ ቆርሳ ትሰጠዋለች፤ በምድጃው አጠገብም ታስተኛዋለች። «እግዜር ይስጥህ» ብቻ ያለችው እንደ ሆነ እርሱ ትርጉሙን ያውቃል፤ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። ስለ ውሾቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የተማሪና የውሻ ጠብ በአገራችን የታወቀ ነው። እንግዲህ ስለ ሊቃውንቱ ድካም ስንናገር፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈውን የገበሬ ሚስቶች ካልጨመርን ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ዋሸራንም ጎንጅንም ያቆመው የእነርሱ ቁራሽ ነው።

እኅቶቻችን «ይህ የወንዶች መንገድ ብቻ ነው ወይ?» እንዳይሉን፣ ዓይናቸው ሳያይ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽን እናስታውሳቸዋለን። ወንዶች ተማሪዎች ወደ እርሳቸው በእግራቸው ይመጡ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለችው የእኛዋ ማንኩሳ መሆኗን ልብ ይላል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ነበሩ፤ ስለ ተማሪ ቤት ሲጽፉ ከሩቅ የሰሙትን አልጻፉም። መጽሐፉን ለፍቅሩ ብቻ ያነበባችሁ ለመንገዱ ብላችሁ እንደገና አንብቡት።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። አውቶቡስ አለ፤ የእጅ ስልክ አለ፤ የጠፋ ልጅ ለእናቱ «ደርሻለሁ» ማለት ይችላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። ዱላ ይዞ በማያውቀው መንደር የሚገባ ጎልማሳ ልጅ ከሁለት ወገን በጥርጣሬ ይታያል። ድሮ «ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ የእንግዳ መቀበያ ነበር፤ አሁን የሚያስፈራ ጥያቄ ሆኗል። የከተማ ቤትም በቆርቆሮ አጥር ታጥሯል፤ ከውስጥ ሆነው ድምፁን የሚሰሙት ሁሉ አይከፍቱለትም።

ስለዚህ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ከመስቀል በፊት ሊነጋገርበት የሚገባ ጉዳይ አለ። በከተማችን የሚያልፍ ተማሪ አንድ ሌሊት የሚያድርበት ቤት የትኛው ነው? ከየአባሉ ቤት በተራ ማሳደር ይቻላልን? ሳሙናና ያገለገለ ልብስ ማዋጣት አይከብደንም፤ የታመመውን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ ሰው ግን አስቀድሞ ሊመደብ ይገባል፤ በተለይ በጥቅምት። የመምህሩን ስምና የመጣበትን አጥቢያ ጠይቆ በመዝገብ የሚይዝልን አንድ ጸሓፊም ያስፈልገናል፤ እናቱ ፈልጋ ብትመጣ በዚህ ማለፉን እንነግራታለንና።