ሰፊውን ዞኮሎ በየትኛው መጋዝ እንቁረጥ?

ዞኮሎ ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ቦታ ዙሪያውን የሚመታው ሳንቃ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ይሸፍናል፤ መጥረጊያና የወንበር እግር ልስኑን እንዳይጎዱትም ይከላከላል። ብዙውን ጊዜ የምናየው ቁመቱ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስም አለ። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ስለ ሰፊው ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ለተግባር ልምምድ የአንድ ክፍል ዞኮሎ እንድንቀይር ታዘን ነበር። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን ይዤ ርዝመቱን ደጋግሜ ለካሁ፤ ቆረጥኩም። ሁለቱን ሳንቃዎች ማዕዘኑ ላይ ስገጥማቸው ከታች ተነካኩ፤ ከላይ ግን የእርሳስ ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። መምህራችን አልተቆጡም። «ርዝመቱን አሥር ጊዜ ለካህ፤ ማዕዘኑንስ ስንት ጊዜ?» ብለው ብቻ አለፉ። ሁለቱ ሳንቃዎች ግን ተበላሹ፤ ምትክም አልነበረም።

ጥፋቱ ከየት መጣ? ከቁመቱ ነው። መጋዙ 1 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል፣ 7 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ሳንቃ ላይ ስሕተቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በስቱኮ ይሸፈናል። 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ግን 3.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሁለቱም ሳንቃዎች እንዲህ ከተሳሳቱ ማዕዘኑ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። ማዕዘኑ ያው 1 ዲግሪ ነው፤ ቁመት በጨመረ ቁጥር ግን ስሕተቱ አብሮ ያድጋል። እንግዲህ የመጋዙም ምርጫ ከዚህ ይነሣል።

የመጋዝ ምርጫ

1ኛ/ ጀርባው ላይ የብረት ማጠንከሪያ ያለው አጭር መጋዝ። ጥርሱ ደቃቅ ስለሆነ ንጹሕ ይቆርጣል፤ ለጠባቡ ዞኮሎ ጥሩ ነው። ሰፊውን አቁመን ከላይ ወደ ታች ስንቆርጥ ግን መንገድ ላይ ጀርባው ሳንቃውን ይነካና መጋዙ ይቆማል።

2ኛ/ ጀርባ የሌለው የእጅ መጋዝ። ርዝመቱ ከ50 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ከ10 እስከ 12 ጥርስ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ጥርሱም ለአግድም መቁረጫ የተሳለ ይሁን። ለአግድም የተሳለ ጥርስ የእንጨቱን ጭረት እንደ ቢላዋ ይቆርጣል፤ ለቁመት መሰንጠቂያ የተሳለው ግን እንደ መሮ ስለሚፍቅ ጠርዙን ይቦጫጭቃል። ለእኛ ሥራ የሚሆነው ይህ 2ኛው መጋዝ ነው።

3ኛ/ የኤሌክትሪክ መጋዝ። ዲስኩ 25 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 25 ሳንቲ ሜትር ይቆርጣል ማለት አይደለም። ወደ እንጨቱ የሚገባው ከዲስኩ ግማሽ ያነሰው ነው። ስለዚህ ሰፊውን ዞኮሎ አስተኝተን፣ ዲስኩ የሚያጋድልና ወደፊት የሚንሸራተት ዓይነት ያስፈልገናል።

አቆራረጥ

ሀ/ ወጣ ላለ ማዕዘን፦ ግድግዳው 90 ዲግሪ ነው ብለን አንመን። የዞኮሎውን ቁራጭ በየግድግዳው ጥግ አስጠግተን የፊቱን መሥመር ወለሉ ላይ በእርሳስ እናስምር። ሁለቱ መሥመሮች ከሚቋረጡበት ነጥብ እስከ ግድግዳው ማዕዘን ስናገናኝ ትክክለኛውን የመቁረጫ መሥመር እናገኛለን። ይህን በካርቶን ቆርጠን ወደ ሳንቃው ጠርዝ እናዛውረው።

ለ/ ሳንቃውን ፊቱን ወደ ላይ አድርገን እናስተኛው፤ በሞርሳ እንሰረው። የእጅ መጋዝ የሚቆርጠው ሲገፋ ስለሆነ ጠርዝ የሚቦጫጨቀው ከሥር በኩል ነው። በፊቱ ላይ መሥመሩን በስኳድራ እናስምር፤ በቢላዋም እንጫረው።

ሐ/ መጋዝን እንዲያው በእጅ ብቻ አጋድሎ መያዝ ያስቸግራል። ጠርዙ በካርቶኑ ልክ የተላገ ደረቅ እንጨት መሥመሩ ላይ እንሰርና መጋዙን በእሱ ላይ እናስደግፍ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እንሳብ፤ ከዚያ ሳንጫን በረጅሙ እንግፋ። የምንቆርጠው ከመሥመሩ ውጭ፣ በሚጣለው በኩል ነው። የቀረውን መላጊያ ያስተካክለዋል።

መ/ ለውስጥ ማዕዘን፦ የመጀመሪያውን ሳንቃ በ90 ዲግሪ ቆርጠን ግድግዳው ድረስ እናስገባ። የ2ኛውን ጫፍ በ1ኛው የፊት ቅርጽ ልክ እንቁረጥ፤ ቀጥ ያለውን በእጅ መጋዝ፣ ከላይ ያለውን ጌጥ ምላጩ በቀጠነ መጋዝ። ወደ ኋላ ትንሽ ብናጋድለው ፊቱ ብቻ ይነካካል። እንጨቱ ሲደርቅና ሲኮማተርም እንደ ሰያፍ ቁርጥ አፉን አይከፍትም።

ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት አንድ መጋዝና ጥቂት ሳንቃ ብቻ ይገጥመን ይሆናል። ተማሪው የሚማረው ከንግግራችን ይልቅ ከእጃችን ነውና የእኛ 1 ዲግሪ በእሱ ዘንድ ስንት እንደምትሆን እናስብ። ለእኔ ሁለት ሳንቃ ያስከፈለኝ ትምህርት ለእናንተ በነጻ ይሁን።

መልመጃ

1. ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ዞኮሎ ላይ የ1 ዲግሪ ስሕተት ስንት ሚሊ ሜትር ይሆናል?
2. ጀርባ ያለው መጋዝ ለሰፊው ዞኮሎ የማይሆነው ለምንድን ነው?
3. በካርቶን የተወሰደውን የማዕዘን ልክ ለሒሳብ ትምህርት መርጃ መሣሪያ እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?