ቴክኖሎጂ ገለልተኛ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፤ «መሣሪያ ምን ያደርጋል? ጥፋቱ የሚይዘው ሰው ነው» ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፤ ቢላዋ ሽንኩርትም ይከትፋል፣ ሰውም ያቆስላል። ነገር ግን ይህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ሁለት ጠርሙሶችን እናነጻጽር።

አንደኛው የአምቦ ውሃ ሲሸጥበት የኖረው የመስታወት ጠርሙስ ነው። ባለሱቁ ባዶውን በሳጥን ካልመለሰ ማስያዣ ይከፍላል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ፣ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። ሁለተኛው በሱሉልታና በሌሎችም ቦታዎች ውሃ የሚታሸግበት፣ እኛ «ሃይላንድ» የምንለው ፕላስቲክ ነው። ቀላል ነው፤ አይሰበርም፤ ጠበልም እንቀዳበታለን። ይሁን እንጂ ማስያዣ የለውምና ውሃው ሲያልቅ ባለቤት ያጣል። ጠጪው ያው አንድ ሰው ነው፤ አንዱ ጠርሙስ መመለስን፣ ሌላው መጣልን ያለማምደዋል።

የተጣለውን ማን ያነሣዋል? ማዳበሪያ ተሸክሞ የሚዞረው ቆራሌው ነው። እርሱ ያላገኘው በሰበታና በቡራዩ ቦዮች አልፎ ወንዝ ይገባል፤ የአዲስ አበባውም ወደ ቆሼ ይጋዝ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር ቤት የነበራቸው ናቸው።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። የታቀደው በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ነው። ዓላማው መልካም ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ምድጃ ሁልጊዜ ቆሻሻ ይፈልጋል። እርጥብ የምግብ ትራፊ በደንብ አይነድለትም፤ ቆራሌው የሚለቅመው ፕላስቲክና ወረቀት ግን ጥሩ ማገዶው ነው። ምድጃውና ቆራሌው እንዲሻሙ ያደረገው ክፉ ሰው ሳይሆን የምድጃው አሠራር ነው።

እንግዲህ ቴክኖሎጂ ገለልተኛ አይደለም፤ ትራፊውን ማን እንደሚሸከም አስቀድሞ በውስጡ ተወስኗል። ይህ ማለት እንሽሸው ማለት አይደለም፤ የመስታወቱ ጠርሙስም ቴክኖሎጂ ነውና። ጌታችን አምስት ሺህ ሰዎችን ከመገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ቁርስራሹን እንዲሰበስቡ አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። መሰብሰቡ የማዕዱ ክፍል ነበረ እንጂ ለሌላ የተተወ ሥራ አልነበረም።

እኛም በንግሥ በዓል ለምእመናን ውሃ ስናቀርብ በእንስራና በኩባያ እናድርገው። ሃይላንድ የግድ ካስፈለገም ባዶውን ሰብስቦ ለቆራሌው ማስረከብ የእኛው አገልግሎት ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።