ስለ ከበረ ድንጋይ ግዥ፤ ምዘናው ከግምት በታች ሲመጣ ነጋዴው ምን ማድረግ ይገባዋል?

የንግድ ትርፍ በአብዛኛው የሚወሰነው ዕቃው በሚሸጥበት ቀን ሳይሆን በሚገዛበት ቀን መሆኑን ልምድ ያለው ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ጤፍ ወይም ስንዴ የሚገዛ ሰው ጥቂት ቢሳሳት ጕዳቱን በሚቀጥለው ገበያ ሊያካክሰው ይችል ይሆናል፤ የከበረ ድንጋይ የሚገዛ ሰው ግን የብዙ ዓመት ጥሪቱን በአንዲት እፍኝ ጨብጦ ይሄዳልና ስሕተቱ በዚያው መጠን ከባድ ይሆንበታል። ስለዚህ በዚህ ንግድ ለመግባት ያሰበ ሰው ምዘና ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ውጤቱም ካሰበው በታች በመጣ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው አስቀድሞ ሊያጠና ያስፈልገዋል።

የአዊ አገር ነጋዴ ዕቃን መርምሮ መግዛትን ከሌላ ሰው የሚማር አይደለም። ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይመለከታል፣ ሰኰናውን አንሥቶ ያያል፣ ዳገትና ቍልቍለት አስኪዶ ይፈትናል፤ ድንች ሲገዛም ከነጭቃው አያስመዝንም። ዳሩ ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው፣ አንድ ሻጭ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣውን ኦፓል ባየ ጊዜ የኅብረ ቀለሙ መንቦግቦግ ዓይኑን ይማርከውና የለመደውን ጥያቄ ሁሉ ሳይጠይቅ ገንዘቡን ይቈጥራል። ከጥቂት ወራት በኋላ የምዘናው ወረቀት ሲደርሰው ይደነግጣል፤ ገንዘቡ ግን አስቀድሞ ከእጁ ወጥቷል።

የምዘናን ጠባይ ለመረዳት፣ በዓለም ገበያ ከሁሉ ይልቅ ሥርዐት የያዘውን የአልማዝ ንግድ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም (ጂ.አይ.ኤ.) በ1950ዎቹ ዓመታት ባስፋፋው ሥርዐት መሠረት፣ የአልማዝ የቀለም ደረጃ «ዲ» ተብሎ ከሚጠራው ቀለም የለሽ ድንጋይ ይጀምራል፤ ቢጫነቱ እየጨመረ በሄደ መጠንም እስከ «ዜድ» ድረስ ይወርዳል። የውስጡ ንጽሕና በአሥር እጥፍ በሚያጐላ መነጽር ይመረመራል። ክብደቱ በካራት ይለካል፤ አንድ ካራትም የአንድ ግራም አምስተኛ እጅ ነው።

በዚህ ንግድ ብዙ ገዥዎች የሚያዝኑት በጥንቱ አቈራረጥ የተሠሩ አልማዞችን በገዙ ጊዜ ነው። እነዚህ ድንጋዮች በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በጠራቢው እጅና በዓይኑ ግምት የተቈረጡ ናቸው፤ የላይኛው ጠፍጣፋ ገጻቸው ጠባብ፣ ትከሻቸው ከፍ ያለ፣ የታችኛው ጫፋቸውም ሹል መሆኑ ቀርቶ የተቈረጠ ነው። ማርሴል ቶልኮውስኪ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1919 የብርሃንን አካሄድ በሒሳብ ቀምሮ ትክክለኛውን መጠን የሚያሳይ መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ዘመናዊው ክብ አቈራረጥ እየተስፋፋ ሄደ። የጥንቱ ድንጋይ በቢጫ ወርቅ ቀለበት ላይ ተቀምጦ ከላይ ሲታይ ነጭ ይመስላል። መርማሪው ግን ከቀለበቱ የወጣውን ድንጋይ ገልብጦ ከጐኑ ስለሚያየው፣ ወርቁ ሸፍኖት የኖረው ቢጫነት ይገለጣል፤ በዘመን ብዛት በጠርዙ ላይ የደረሰው መፈግፈግና መሸረፍም ይታያል። ሻጩ በቀለበቱ ላይ እንዳለ በግምት የተናገረው ክብደት በሚዛን ሲረጋገጥ አንሶ ሊገኝ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ችኵል ገዥ ድንጋዩን እንደ ገና አስቈርጦ ደረጃውን ለማሻሻል ያስባል። ነገር ግን መቍረጥ ክብደትን ይቀንሳል፤ ከአንድ ካራት ጥቂት ይበልጥ የነበረው ድንጋይ ከአንድ ካራት በታች ቢወርድ ጠቅላላ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ካራት ዋጋም ዝቅ ይላል። ከዚህም በላይ የጥንቱን አቈራረጥ ወድዶ የሚፈልገው ደንበኛ ይቀራል። ጂ.አይ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው የአቈራረጥ ደረጃ የተዘጋጀው ለዘመናዊው ክብ አልማዝ ስለ ሆነ፣ የጥንቱ ድንጋይ በወረቀቱ ላይ ይህን ደረጃ አለማግኘቱ ጕድለት ተብሎ ሊቈጠር አይገባም። እንግዲህ ወረቀቱ የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ ማንበብ የዚህ ንግድ የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

ይህ ትምህርት በአማራ ክልል ላለ ነጋዴ በቅርብ የሚያገለግለው በኦፓል ንግድ ነው። በሰሜን ሸዋ የመዘዞ ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ነበር፤ ሆኖም ብዙው ድንጋይ እየተሰነጠቀ ገዥዎችን ስላሳዘነ ስሙ ተጐዳ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ፣ በደላንታ ወረዳ በወገል ጤና አካባቢ ሌላ ኦፓል ተገኘ። ይህ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ በተተፋ ነገር በተሠራ ዐለት መካከል፣ በገደል ወገብ ላይ በምትገኝ ስስ ንብርብር ውስጥ የሚቈፈር ነው። ከመዘዞው ይልቅ ጽኑ ሆኖ ስለ ተገኘና ኅብረ ቀለሙም እጅግ ያማረ ስለ ሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኢትዮጵያን ስም በዓለም የጌጣጌጥ ገበያ አስጠራ።

ነገር ግን ነጋዴው አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። እንደ አልማዙ «ዲ» እና «ዜድ» ያለ፣ በዓለም ሁሉ አንድ ሆኖ የጸና የፊደል ደረጃ ለኦፓል የለም። ሻጮች «አንደኛ ደረጃ» ወይም «ሦስት ኤ» እያሉ የሚጠሩት እያንዳንዱ በራሱ መደብር ያወጣውን ስም ነው። የምርመራ ቤት በአብዛኛው የሚመሰክረው ድንጋዩ እውነተኛ ኦፓል መሆኑን፣ በተፈጥሮው ያለ ወይም በሰው እጅ የተለወጠ መሆኑን፣ ክብደቱንና መጠኑን ነው። ስለዚህ ሻጩ የነገረውን የደረጃ ስም በወረቀቱ ላይ አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ ድንጋዩ መልካም ቢሆንም እንኳ ማዘኑ አይቀርም።

በወሎ ኦፓል ላይ ሐዘን የሚያመጡት ምክንያቶች በተለይ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ውኃ ነው። የወሎ ኦፓል አብዛኛው ውኃ የሚጠጣ ጠባይ አለው፤ ሲነከር ክብደቱ ይጨምራል፣ መልኩም እንደ መስታወት ሊጠራ ይችላል፤ ሲደርቅ ግን ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የዚህን ጕዳት መጠን በሒሳብ ማየት ይሻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ 120 ግራም ጥሬ ኦፓል ግራሙን በ450 ብር ቢገዛ 54,000 ብር ይከፍላል። ከጥሬው ሲሶው ተጠርቦ ይወጣል ብሎ 40 ግራም፣ ማለትም 200 ካራት ቢጠብቅ፣ አንዱ ካራት 270 ብር ያወጣበታል። ነገር ግን ከ120 ግራሙ 12ቱ ውኃ ቢሆን፣ የደረቀው ድንጋይ 108 ግራም፣ ከእርሱም የሚወጣው 36 ግራም ወይም 180 ካራት ብቻ ነው፤ የካራቱም ወጪ ወደ 300 ብር ይወጣል። ድንችን ከነጭቃው አልገዛም የሚል ሰው ድንጋይን ከነውኃው ሊገዛ አይገባውም።

ሁለተኛው መሰንጠቅ ነው። አንዳንድ ድንጋይ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ፣ ወይም በሚጠረብበት ጊዜ ሲግል፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ያወጣል። ከላይ በተነገረው ምሳሌ ከ180 ካራቱ 60ው ቢሰነጠቅ፣ የቀረው 120 ካራት 54,000 ብሩን ሁሉ ስለሚሸከም የካራቱ ወጪ 450 ብር ይደርሳል። በ270 ብር የታሰበው ዕቃ በ450 ብር ተገኘ ማለት፣ ጠራቢውና የምርመራ ቤቱ ገና ሳይከፈላቸው ትርፉ አልቋል ማለት ነው።

ሦስተኛው የሰው እጅ ሥራ ነው። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምም ይጠጣል። ነጩን ኦፓል በሰማያዊ ወይም በሐምራዊ ቀለም ነክረው፣ ወይም በጢስ አጥቍረው እንደ ልዩ ድንጋይ የሚሸጡ አሉ። በወሎ በተፈጥሮው ጥቍር የሆነ ኦፓል መገኘቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ከጢሰኛው ጋር ስለማይገናኝ ያለ ምርመራ ማመን አይገባም። ነጋዴው በአሥር እጥፍ መነጽር ቢመለከት፣ የተነከረው ቀለም በስንጥቅና በጕድጓድ ውስጥ ተከማችቶ ሊያገኘው ይችላል።

እንግዲህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሚከተሉት ነገሮች ሊፈጸሙ ይገባል። አስቀድሞ ሻጩ የማዕድን ግብይት ፈቃድ ያለው መሆኑ ይረጋገጥ፤ ያለ ፈቃድ የተገዛ ድንጋይ ደረጃው ቢያምር እንኳ በሕግ ወደ ውጭ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ድንጋዩ በጥላ ቦታ ለብዙ ቀናት ይቀመጥና በየቀኑ ይመዘን፤ ዋጋው የሚቈረጠው ክብደቱ መቀነሱን ባቆመበት ቀን ይሁን። ለማፋጠን ብሎ በፀሐይ ወይም በእሳት ማድረቅ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ዋና ድንጋይ ቍጥር ተሰጥቶት፣ ተመዝኖና ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ሁለቱ ወገኖች ባሉበት ይታሸግ። አራተኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ምርመራው የት እንደሚደረግ፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍል፣ ከዋጋው ምን ያህሉ እስከ ውጤቱ ድረስ እንደሚቈይ፣ ድንጋዩ የተነከረ ወይም የተጤሰ ሆኖ ቢገኝ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ በግልጽ ይናገር። በዚህ ሁሉ የሚቈጣ ሻጭ ቢኖር፣ ቍጣው ራሱ ለገዥው በቂ ምልክት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ውጤቱ ከግምት በታች ሊመጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ ነጋዴው ከመናደዱ በፊት የተመረመረው ድንጋይ እርሱ የላከው መሆኑን በክብደቱ፣ በመጠኑና በፎቶግራፉ ያስተያይ። ቀጥሎም ወረቀቱ ከተናገረው መካከል እውነትን የሚመለከተውንና አስተያየትን የሚመለከተውን ይለይ። የተነከረ ነው ወይስ አይደለም የሚለው የእውነት ጕዳይ ነው፤ የአልማዝ ቀለም በአንድ ፊደል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ግን የመርማሪዎች ዓይን ሊለያይበት የሚችል ነው። ሁለተኛ ምርመራ የሚጠየቀው ልዩነቱ ከምርመራው ወጪ ሲበልጥ ብቻ ነው፤ ደስ የሚያሰኝ ወረቀት እስኪገኝ ድረስ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መዞር ገንዘብን ከመጨረስ በቀር አይጠቅምም። በውሉ የተወሰነው ቀን ሳያልፍም ለሻጩ ከወረቀቱ ግልባጭ ጋር በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ በቃል የተላከ ቅሬታ በክርክር ጊዜ አይቆምም።

ድንጋዩ የሚመለስበት መንገድ ከሌለ፣ ነጋዴው ወጪውን እንደ ገና አስልቶ ዕቃውን በእውነተኛ ስሙ ይሽጠው። የተሰነጠቀው ተመርጦ ይውጣ፤ የተነከረው «የተነከረ» ተብሎ በዝቅተኛ ዋጋ ይቅረብ፤ የጥንቱ አልማዝም ጥንታዊነቱን ለሚወድ ደንበኛ ከነወረቀቱ ይታይ። ስንጥቁን ለመሸፈን ዘይት ማጠጣት ለጊዜው ያሳምር ይሆናል፤ ነገር ግን ኦፓሉ ዘይቱን ጠጥቶ ውሎ ሲያድር መልኩ ይበላሻል፣ ገዥውም ተመልሶ ይመጣል። አንድ ጊዜ በኪሳራ በእውነት የሸጠ ነጋዴ ደንበኛውን ይዞ ይቀራል፤ ደብቆ የሸጠ ግን ደንበኛውንም ስሙንም አብሮ ይሸጣል።

በእንጅባራና በዳንግላ ላሉ ባለ ሱቆች አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ኦፓልም ከእሳተ ገሞራ ዐለት እንደሚወጣ ከላይ ተነግሯል። ከነዚህ ከሁለቱ እውነቶች ተነሥቶ «ይህ ኦፓል ከዘንገና ዙሪያ የተገኘ አዲስ ድንጋይ ነውና ሌላ ሰው ሳይሰማ ውሰደው» የሚል ሻጭ ቢመጣ ሊታመን አይገባም። እሳተ ገሞራ የነበረበት ቦታ ሁሉ ኦፓል አለበት ማለት አይደለም፤ ዕውቅ የሆነው የክልሉ ኦፓል የሚወጣው ከወሎና ከሰሜን ሸዋ ነው። የድንጋዩ መገኛ ዋጋውን የሚለውጥ ስለ ሆነ፣ ሻጩ በቃሉ የሚናገረውን ቦታ በደረሰኙ ላይ በፊርማው ያጽናው፤ ለመፈረም እንቢ ካለ ግዥው ይቅር።

በጠቅላላው ምዘና ለነጋዴው ጠላት አይደለም። በድንጋዩ ውስጥ የነበረውን ይገልጣል እንጂ ከራሱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነገር የለም። ስለዚህ አዲስ ገቢ ነጋዴ የመጀመሪያውን ግዥ በጥቂት ድንጋይና ቢጠፋ ቤቱን በማያናጋ ገንዘብ ይጀምር፤ ከዚያ የመጣውን ወረቀት አጥንቶ ግምቱ የት ላይ እንደ ሳተ በመዝገቡ ይጻፍ። ሁለተኛውን ግዥ የሚያደርገውም ያንን መዝገብ አንብቦ ይሁን።